«አንተ» ወይስ «አንቺ»?

ይኸውላችሁ አንባብያን... አንዲት ፊደል አሥራ አንድ ቀን እንቅልፍ ነሳችኝ ብል ታምኑኛላችሁ? ልንገራችሁማ።

አብሮ አደጌ ናት። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። ከደብተሯ ጀርባ ዘፈን ትጽፍ ነበር፤ ግጥሙም ዜማውም የራሷ። ሁሉም «አንተ» እያሉ የሚማጸኑ የፍቅር ዘፈኖች ናቸው። የእኔ ሥራ ደግሞ «ይኼ የትኛው ልጅ ነው?» እያልኩ መነዝነዝ ነበር። እየሳቀች ታልፈኛለች። ኋላ ዘመድ ወደ አሜሪካ ወሰዳት፤ ኦክላንድ ገባች።

በቀደም በስልኬ ቪዲዮ ላከችልኝ። ጊታር ይዛ፣ ብቻዋን፣ ትንሽ መድረክ ላይ ቆማለች። «ሳን ፍራንሲስኮ ነው፤ ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ሰዎች የጥበብ ፌስቲቫል ላይ» ብላ ጽፋለች። ሁለት ዘፈን በእንግሊዝኛ ዘፈነች። ሦስተኛውን በአማርኛ ጀመረችና... «አንቺ» አለች! አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ግን «አንተ»ን ከ«አንቺ» የሚለይ የነበረ አይመስለኝም። የገባኝ እኔ ነኝ፤ አዲስ አበባ፣ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ።

ስልኩን በግንባሩ ደፋሁት።

እውነቱን ልናገር? ያሰብኩት ስለ እሷ አይደለም፤ ስለ ራሴ ነው። «እሷስ? አራት ዓመት አብራት የተቀመጠችው?» የሚሉኝ መሰለኝ። ለእንዲህ ዓይነት ሰው በየሰፈሩ የተዘጋጀውን ስድብ ታውቁታላችሁ። እኔም ከክፍል ልጆች ጋር ሆኜ ስቄበታለሁ... እሷ አጠገቤ ተቀምጣ!

መልስ መጻፉ ሲያቅተኝ ስለ ነገሩ ማንበብ ያዝኩ። ለካ የትናንት ጉዳይ አይደለም! በፈረንጆች 1973 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሴቶች ተሰባስበው «ኦሊቪያ» የተባለ የሙዚቃ አሳታሚ አቋቋሙ፤ ሴት የሚያፈቅሩ ሴቶች ናቸው የመሠረቱት። ትልልቆቹ አሳታሚዎች የማያስተናግዱትን ዘፈን ራሳቸው ቀረጹ፤ ሸክላውንም በጎ ፈቃደኞች በየከተማው እየዞሩ ሸጡላቸው። በ1976 ደግሞ ሚሺጋን ውስጥ ዘፋኞቹም፣ የድምፅ ባለሙያዎቹም፣ መድረክ ሠሪዎቹም ሴቶች የሆኑበት ፌስቲቫል ተጀመረ፤ እስከ 2015 ዘለቀ። ሳን ፍራንሲስኮም የራሷን ዓመታዊ የጥበብ ፌስቲቫል በ1998 ጀምራለች።

አስቡት እንግዲህ... እኛ አገር ብዙውን ጊዜ ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው፣ ቅንብሩ የሦስተኛው ነው። ዘፋኙ ቢጠየቅ «ግጥሙ የእኔ አይደለም» ብሎ ያመልጣል። ራሷ ጽፋ ራሷ የምትዘፍን ግን በየት በኩል ታምልጥ? እንግሊዝኛው እንኳ ለ«አንተ»ም ለ«አንቺ»ም አንድ ቃል ስላለው ይሸፍናታል። አማርኛ ግን አይሸፍንም!

በአሥራ አንደኛው ቀን እንደ ድሮው ጻፍኩላት፦ «ዘፈኑ ያምራል። ለማን ነው?»

ወዲያው መለሰች፦ «አንቺን አይደለም፣ አትፍሪ!»

ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ቆየት ብላ ቀጠለች፦ «በአማርኛ የዘፈንኩት የሚሰማኝ ስለሌለ ነበር። ከመድረኩ ስወርድ ግን አንድ የሚሰማኝ ሰው አማረኝ።»

እኔን መርጣ ልካ፣ እኔ አሥራ አንድ ቀን ስልኬን ደፍቼ ተኛሁ።

ውድ አንባብያን፣ ነገሩ እኛ አገር በሕግ ያስቀጣል፤ ከቤተሰብም ያለያያል። ስለዚህ ምክሬ ሁለት ነው። እንዲህ ያለ ምስጢር የሰጣችሁ ሰው ካለ ለሦስተኛ ሰው አታሳዩበት፤ «ለእሷ ብቻ» ብላችሁም ቢሆን። መልስም አታቆዩበት። ምን እንደምትሉ ባታውቁ እንኳ «ሰምቼሻለሁ» በሉ። አሥራ አንድ ቀን ለእኔ አሥራ አንድ ቀን ነበር፤ ለምትጠብቀው ግን ዓመት ነው።

ለሳምንት በሰላም ያገናኘን!