ራስ የላቸውም የተባሉት፣ ካላብሻ ላይ

ከአስዋን ታላቁ ግድብ ጀርባ ጀልባችን ደሴቷን ስትጠጋ ልቤ ደረቴን ይደልቅ ነበር። ካላብሻ ራስ የላቸውም የተባሉት ሰዎች ይሰግዱበት የነበረ ቤተ መቅደስ ነው።

ወሬውን ቀድመው ከጻፉት አንዱ ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን፣ በምዕራብ ሊቢያ ዱር ከዝሆንና ከአንበሳ ጋር ዓይናቸው ደረታቸው ላይ የሆነ ራስ አልባ ሰዎች እንደሚኖሩ ጻፈ። «ሊቢያውያን እንደሚሉት» ብሎ ጣጣውን ከራሱ ማውረዱን ግን እወድለታለሁ። ሮማዊው ፕሊኒ ከአምስት መቶ ዓመታት ገደማ በኋላ ነገሩን ብሌሚስ በተባለ ሕዝብ ላይ ለጠፈው፤ ደረታቸው ላይ አፍም ጨመረላቸው። ብሌሚሶች ግን በእርግጥ የነበሩ፣ በአባይና በቀይ ባሕር መካከል ያለውን በረሃ የያዙ ሰዎች ናቸው። ብዙ ሊቃውንት የዛሬዎቹ ቤጃዎች አያቶች ይሏቸዋል።

ቤተ መቅደሱ በአውግስጦስ ቄሳር ዘመን የታነጸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የግድቡ ሐይቅ እንዳይውጠው ጀርመኖች ድንጋይ በድንጋይ ፈትተው እዚህ ተከሉት።

ግድግዳው ላይ ብሌሚሶች ያመልኩት የነበረውን ማንዱሊስን አገኘሁት። አቤት የራሱ ጌጥ! የበግ ቀንድ፣ ላባ፣ የፀሐይ ክብ፣ አንገታቸውን የቀሰሩ እባቦች፤ ዘውዱ ከፊቱ ይበልጣል። ራስ አልባ የተባሉት እኮ የሚሰግዱት ለዚህ ራስ ነበር! ጠባቂው በዓረብኛ ሲያጣድፈኝ እንዳልሰማ ሆንኩ።

አደባባዩ ጋ የኑቢያው መንግሥት የኖባድያ ንጉሥ ሲልኮ የድል ጽሑፍ አለ። በ5ኛው መቶ ዘመን ገደማ ብሌሚሶችን ድል ነስቶ፣ በጣዖቶቻቸው ምለውለት እንዳመናቸው ያወሳል። ያስጻፈው በግሪክኛ ነው፣ ተረቱ በተወለደበት ቋንቋ። ጠላታቸው ሆኖ ሳለ ስለ ደረት ዓይን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

የእኛው ንጉሥ ኢዛናም አልተነፈሰም። በአክሱም በግሪክኛ፣ በሳባ ፊደልና በግእዝ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ ያመፁትን ቤጃዎች ወንድሞቹን ልኮ እንዳስገበረ፣ ስድስት አለቆቻቸውን ከ4400 ሰው ጋር አስመጥቶ ሌላ አገር እንዳሰፈራቸው ይናገራል። በጉዞው ላይ የበሉትና የጠጡት ሁሉ ተጽፏል፤ በደረታቸው ጎረሱ የሚል ግን የለበትም።