የአያት ግዕዝ

በካርቱም፥ አል-ጣኢፍ በሚባለው ሰፈር ስንኖር፥ እሑድ በደረሰ ቍጥር ከቤታችን ክርክር ይነሣ ነበር። እናታችን በግዕዝ ካልተቀደሰ ቅዳሴ የሰሙ አይመስላቸውም፤ ልጃችን ግን በዐረብኛ የተማረ ነውና «ካህኑ ምን አሉ?» እያለ ይጠይቀናል።

እኛም ታሪኩን አስታወስን። እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ዐድዋ የመጡት ኢጣልያዊው አቡነ ያዕቆብ በላቲን ፈንታ የግዕዙን ሥርዓት አከበሩ፤ በ1963 ደግሞ የቫቲካን ጉባኤ በየአገሩ ቋንቋ መቀደስን ፈቀደ። ሁለቱም ያሰቡት ጸሎቱ ለሕዝቡ ባዕድ እንዳይሆን ነው።

ስለዚህ ልጁን ለአያቱ አደራ ሰጠን፤ ቅዳሜ ማታ ግዕዙን ቃል በቃል ይፈቱለት ጀመር። አንድ እሑድ ካህኑ ሰላም ባሉ ጊዜ፥ መልሱን ከሁላችን ቀድሞ ሰጠ፤ አያቱም አለቀሱ።

በ2023 በጦርነቱ ምክንያት ቤታችንን ትተን ስንሰደድ፥ ያ መልስ ከልጁ ጋራ ወጣ። ፍቺው ያልታወቀ ልማድ ለልጅ ሸክም ነው፤ ፍቺው የታወቀ ግን ስንቅ ይሆናል።