አምስት ኮከብ፣ አንድ ባልዲ

ለዘመድ ሠርግ ከሐዋሳ አዲስ አበባ ገባሁ። "ለአንድ ሌሊት እንኳ ልቀማጠል" ብዬ ቦሌ አካባቢ አንድ ውድ ሆቴል ያዝኩ።

መግቢያው እብነ በረድ፣ መብራቱ ወርቅ የመሰለ። ክፍሌ ግን ሰባተኛ ፎቅ፤ ሊፍቱ ደግሞ "ለጊዜው አይሠራም"።

እያለከለኩ ደርሼ ሻወሩን ከፈትኩት። አንዴ አስነጠሰና ዝም አለ።

ሪሴፕሽን ደወልኩ። "ይቅርታ ጌታዬ፣ ውሃው በፈረቃ ነው። አሁን እንልክልዎታለን።"

ምን ቢልኩልኝ ጥሩ ነው? ባልዲ ከነጆጉ! 😂

ባልዲ እኮ እቤቴም አለ፤ ያውም በነፃ።

ጠዋት ሂሳብ ስጠይቅ ደግሞ ዋጋው "ፕላስ ፕላስ" ነው ለካ! 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በላዩ ላይ 15 በመቶ ቫት። ተደማምሮ ከሩብ በላይ ጨመረ። ሰርቪሱ ባልዲው መሆኑ ነው?

ግን አንድ ነገር ልቤን ነካው። ባልዲውን ተሸክሞ ሰባት ፎቅ የወጣው ልጅ አንገቱን ደፍቶ፣ "ጋሼ፣ ኩሽና አሙቄ ያመጣሁት ነው፤ እንዳይቀየሙን" አለኝ።

ከዚያ ሁሉ እብነ በረድ ይዤ የወጣሁት ይቺን ቃል ብቻ ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ኮከቡ የሚገባው ለሕንፃው ነው ወይስ ለልጁ?