ፈጥኖ ማጨድና ደኅና አድርጎ ማጨድ

ከጐንደር ከተማ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። በመንገዱም ላይ የሚያገኘው ሰፊ ደጋ ወገራ ይባላል። በዚያ አገር ክረምቱ ካለፈ በኋላ፥ በጥቅምትና በኅዳር፥ ገበሬዎች የመስኩን ሣር በማጭድ አጭደው ይከምሩታል። በበጋ ለምለም ሣር ስለሚጠፋ፥ እስከ ሰኔ ድረስ ለከብቱ ምግብ የሚሆነው ይህ ክምር ነውና።

በወገራ የሚኖር አንድ ገበሬ ሁለት ልጆችና አንድ ጥማድ በሬ ነበሩት። በኅዳር ወር አንድ ቀን መስኩን በገመድ ለክቶ እኩል ከፈለና ልጆቹን ጠርቶ፥ ታላቁን «ያንተ ክምር ለጥቁሩ በሬ ይሁን» አለው፤ ታናሹንም «ያንተ ክምር ለቀዩ በሬ ይሁን» አለው።

ታላቅየው መቅደም ወደደ። ማጭዱን ሳይስል ጀመረ፤ ሣሩንም እጁ ከሚችለው በላይ እየጨበጠ፥ ሳያጐነብስ እየጐተተ አጨደ። ስለዚህ አንዳንዱ ሣር ከመካከሉ ተቈረጠ፤ አንዳንዱ ከነሥሩ ተነቅሎ ከአፈር ጋራ መጣ፤ አንዳንዱም ተጐንብሶ ሳይታጨድ ቀረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ፈጸመና «አባባ፥ እኔ ቀደምሁ» አለ። ታናሽየው ግን በየጊዜው ማጭዱን እየሳለ፥ ጥቂት ጥቂት እየጨበጠ፥ ወደ መሬት ዝቅ ብሎ ያጭድ ነበር። እርሱም የፈጸመው በማግሥቱ ነው።

አባትየው ወደ መስኩ ወርዶ በጣቱ ለካ። የሣሩ ቁመት 30 ጣት ነበረ። ታናሽየው 2 ጣት ብቻ ትቶ 28 ጣት አጭዶአል። ታላቅየው ግን 9 ጣት ትቶ 21 ጣት አጭዶአል። ከ28ቱ 7ቱ ጐደለ፤ ይህም ከ4 ሸክም 1 ሸክም በመሬት ቀረ ማለት ነው። አባትየው ግን በዚያን ቀን ምንም አልተናገረም።

በሚያዝያ ወር የታላቅየው ክምር አለቀ። አፈር የነካውንም ሣር በሬው እያሸተተ ትቶት ነበር። ግንቦት በገባ ጊዜ ጥቁሩ በሬ ከሳ፤ ጕልበቱም ደከመ። ዝናም ጥሎ መሬቱ በራሰ ጊዜ ቀዩ በሬ ብርቱ ሳለ ሊያርስ አልቻለም፤ አንድ በሬ ብቻውን ቀንበር አይስብምና። ታናሽየው ከቀረው ሣር ለጥቁሩ በሬ አካፈለው፤ እርሻው ግን ዘገየ። ያን ጊዜ ታላቅየው አፍሮ፥ «አባባ፥ ያተረፍሁት ግማሽ ቀን ነው፤ ያጠፋሁት ግን የብዙ ቀን እርሻ ነው» አለ። አባትየውም «ልጄ፥ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለው።

ይህ ሕግ ለማጭድ ብቻ አይደለም፤ ለመኪናም ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1830 ዓመት በእንግሊዝ አገር ኤድዊን በዲንግ የሚባል ሰው፥ የሱፍ ጨርቅ ጠጕር የሚከረክም መኪና አይቶ፥ የሣር ማጨጃ መኪና ሠራ። ከብዙ ዘመን በኋላም ሰው ተቀምጦበት የሚነዳው ዓይነት ተሠራ። የዚህ መኪና ስለት በራሱ ልክ ይዞራል። ነጂው ከልክ በላይ ሲያስሮጠው ስለቱ ሣሩን ሁሉ ሳያገኝ ያልፋል። ጐማው በሸካራ መሬት ላይ ሲዘልም ስለቱ አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ አንዱ ስፍራ ተላጭቶ፥ አንዱ ስፍራ ጐፍሮ ይቀራል። በላዩ የተቀመጠውም ሰው፥ በቅሎውን በድንጋያማ መንገድ እንደሚያስሮጥ ሰው፥ ይንገጫገጫል፤ ወገቡም ይታመማል። መሬቱ ለጥ ያለ፥ ሣሩም የሳሳ ሲሆን ፈጠን ማለት ይቻላል፤ መሬቱ ሸካራ፥ ሣሩም የበዛ ሲሆን ግን ቀስ ማለት ይገባል።

ታላቅየው ልጅ ይህን መኪና አላየም፤ ነገር ግን ምሥጢሩን ተማረ። በሚቀጥለው ኅዳር ከሁሉ አስቀድሞ ማጭዱን ሳለ፤ ዝቅም ብሎ አጨደ። በዚያ ዓመት ሁለቱም በሬዎች ሰኔን በጕልበት ተቀበሉ።

ልጆች ሆይ፥ ቀስ ማለት ስንፍና አይደለም። ሰነፍ ሥራውን ይተዋል፤ አስተዋይ ግን ፍጥነቱን ከሥራው ጋራ ያስማማል። ፊደል ሲያነብ የሚቸኵል ልጅም ቃሉን ከመካከሉ ቈርጦ ይሄዳል፤ ገጹን ቀድሞ ይጨርሳል፥ ምን እንዳነበበ ግን አያውቅም። እንግዲህ «ማን ቀደመ?» ከማለት በፊት «ምን ቀረ?» ብላችሁ ጠይቁ።