ሰቨንዝ ስትሪት በኤፕሪል ምሽት

ዋሽንግተን ዲሲ ለኖረ ኢትዮጵያዊ በሰቨንዝና በኤፍ ስትሪት መገናኛ ላይ የተገተረውን ትልቅ የስፖርት አዳራሽ አላውቀውም ማለት ዘበት ነው። ውስጡን ያላየ ብዙ ነው፤ ደጁን ያላየ ግን የለም። ታክሲ የነዳው ወገናችን ከደጁ ሰው ጭኗል። ፓርኪንግ ውስጥ የሠራው መኪና አስገብቶ አስወጥቶበታል። በአካባቢው ሆቴልና ምግብ ቤት ያገለገለው ደግሞ «ዛሬ ጨዋታ አለ ወይስ የለም?» ብሎ ሳይጠይቅ ሥራ አይገባም። ጨዋታ ካለ ቲፑም አለ፤ ከሌለ ግን ያው የአዘቦት ቀን ነው።

የአዳራሹ ስም በየጊዜው ይለዋወጣል። በዲሴምበር 2 ቀን 1997 ሲከፈት ኤም ሲ አይ ሴንተር ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2006 ቬራይዘን ሴንተር ተባለ፤ በ2017 ደግሞ ካፒታል ዋን አሬና ሆነ። ስሙን የሚገዛው ኩባንያ ይቀያየር እንጂ ቦታው ያው ነው። ከበሩ ሥር ሦስት የሜትሮ መሥመሮች የሚገናኙበት የጋለሪ ፕሌስ ጣቢያ አለ። አጠገቡ በ1986 የተሠራው የቻይናታውን ባለ ጌጥ ቅስት ቆሟል።

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ሕንጻው ብቻ አይደለም። በውስጡ ስለሚጫወተው የአይስ ሆኪ ቡድን፣ ስለ ዋሽንግተን ካፒታልስ፣ ይልቁንም ቡድኑ በውድድሩ ዘመን ማብቂያ ለጥሎ ማለፉ ሲሮጥ ያ ሰፈር ምን እንደሚመስል ነው። «በፈረንጅ በረዶ ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ። እንደሚያገባን አሳየዋለሁ።

ጥንግ በበረዶ ላይ

ጨዋታው ለእኛ የሩቅ ዘመድ ይመስላል። በገና በዓል ሜዳ ወጥቶ በቆልማማ ዱላ ጥንግ ያሳደደ ሁሉ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ልዩነቱ ሜዳው በረዶ፣ ጫማው ባለ ስለት፣ ጥንጉም ድቡልቡል ሳይሆን ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ መሆኑ ነው። በየወገኑ አምስት ተጫዋችና አንድ በረኛ ይሰለፋሉ። ሃያ ሃያ ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይጫወታሉ። ተጫዋቾቹ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላቸው እየተቀያየሩ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። መገፋፋትም ክልክል አይደለም። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ እንደማይለይ ሁሉ፣ እዚህም ሚሊየነሩ ከአጥሩ ጋር ሲላተም የሚያዝንለት የለም።

ሒሳቡም ቀላል ነው። በ2008 እያንዳንዱ ቡድን በዓመት 82 ጨዋታ ያደርግ ነበር። ያሸነፈ 2 ነጥብ ያገኛል፤ በተጨማሪ ሰዓት ወይም በመለያ ምት የተሸነፈ 1 ነጥብ ይይዛል፤ በመደበኛው ሰዓት የተሸነፈ ባዶ እጁን ይወጣል። በ2008 ከነበሩት 30 ቡድኖች 16ቱ ወደ ጥሎ ማለፉ ይገቡ ነበር፤ የቀሩት 14ቱ በኤፕሪል መጀመሪያ በራቸውን ይዘጋሉ።

ለተጫዋቹ ይህ የክብር ጉዳይ ነው። በደጅ ለሚሠራው ግን የምሽት ቁጥር ጉዳይ ነው። ቡድኑ ካለፈ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ቢያንስ ሁለት፣ ቢበዛ አራት ምሽት ይጨመራል፤ በየምሽቱም 18 ሺህ ያህል ሰው ይመጣል። ያ ሁሉ ሰው መኪናውን የሚያቆምበት፣ እራቱን የሚበላበት፣ ቤቱ የሚያደርሰው ይፈልጋል። ካላለፈ ሆኪው የሚያመጣው ሰው እስከ መኸር ድረስ አይታይም። የቤት ኪራይ ደግሞ መኸርን አይጠብቅም።

ከመጨረሻው ወንበር

ካፒታልስ በ1974 በሜሪላንድ ላንዶቨር ሲጀምር በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ ካደረጋቸው 80 ጨዋታዎች 8ቱን ብቻ ያሸነፈ ቡድን ነው። ሽንፈት እንግዳው አልነበረም። ቢሆንም በ2007 መኸር የደረሰበት ውርደት የከፋ ነበር። በኖቬምበር 22፣ በታንክስጊቪንግ ዕለት፣ 21 ጨዋታ አድርጎ 6 ብቻ አሸንፎ፣ 13 ነጥብ ይዞ ከሊጉ ሁሉ መጨረሻ ተቀምጦ ነበር። አዳራሹም ባዶ ወንበሩ ይቆጠር ነበር። የቡድኑ አለቆች የዚያኑ ዕለት አሰልጣኙን ግሌን ሃንሎንን አሰናበቱና ከታችኛው ሊግ፣ ከፔንሲልቬኒያው ኸርሺ ቤርስ፣ ብሩስ ቡድሮን አስመጡ።

ቡድሮ የ52 ዓመት ሰው ነበር። ዕድሜውን በአብዛኛው በአነስተኛ ከተሞች አዳራሾች፣ መጀመሪያ በተጫዋችነት ኋላም በአሰልጣኝነት፣ ፈጅቷል። በትልቁ ሊግ ግን ዋና አሰልጣኝ ሆኖ አያውቅም። የተሰጠውም ማዕረግ «ጊዜያዊ አሰልጣኝ» የሚል ነበር። ስደተኛ ይህችን «ጊዜያዊ» የምትባል ቃል ጠንቅቆ ያውቃታል። «ለጊዜው ነው» ብሎ ፓርኪንግ ገብቶ ሃያ ዓመት የቆየ፣ ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ አስተኝቶ የሌሊት ፈረቃ የሠራ ወገን ስንቱ ነው! ቡድሮ ሹመቱን በተቀበለ ማግሥት ፊላደልፊያ ሄዶ 4 ለ 3 አሸነፈ። ያንን ጨምሮ በዚያ ዘመን ከመራቸው 61 ጨዋታዎች 37ቱን ረታ። «ጊዜያዊ» የምትለዋም ቃል ብዙ ሳትቆይ ተነሣችለት፤ በውድድሩ ማብቂያም የሊጉ ምርጥ አሰልጣኝ ተብሎ ተሸለመ።

የዚያ ቡድን የስም ዝርዝር ራሱ የኢሚግሬሽን ቢሮ መዝገብ ይመስላል። የግብ አዳኙ አሌክሳንደር ኦቬችኪን የ22 ዓመት የሞስኮ ልጅ ነበር፤ በዚያ ዘመን 65 ግብ አስቆጠረ። ኳሷን የሚያቀብለው ኒክላስ ባክስትሮም ከስዊድን ገና የመጣ ነው። በፌብሩዋሪ 26 ቀን 2008፣ የዝውውር በር በሚዘጋበት ዕለት፣ ከሞንትሪያል ያስመጡት በረኛ ክሪስቶባል ኡዌ ፈረንሳዊ ነው።

በዚያው ዕለት ከኮሎምበስ የመጣው የ38 ዓመቱ ሰርጌይ ፌዶሮቭ ግን ለእኛ ለየት ያለ ሰው ነው። በ1990 የሶቪየት ቡድን ለጨዋታ አሜሪካ በመጣ ጊዜ፣ ኦሪገን ፖርትላንድ ላይ ከሆቴሉ ወጥቶ የቀረ ተጫዋች ነው። ይህ ታሪክ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። ከስፖርት ልዑክ፣ ከስብሰባ፣ ከስኮላርሺፕ የቀረ ዘመድ የሌለው ከመካከላችን ማን ነው? ፌዶሮቭ ያን ሁሉ ዓመት ተጫውቶ፣ ከዲትሮይት ጋር ሦስት ጊዜ የስታንሊ ዋንጫ አንሥቶ፣ በመጨረሻው ዘመኑ ለወጣቱ ያገሩ ልጅ ለኦቬችኪን ታላቅ ወንድም ሊሆን መጣ።

ለዚህ ሩጫ ዋጋ የከፈለ ሰውም ነበር። በረኛው ኦላፍ ኮልዚግ ከጀርመን ወላጆች በደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግ የተወለደ ነው። ካፒታልስ በ1989 መርጦት ሌላ ቡድን ሳያይ 301 ጨዋታ አሸንፎለታል። በ1998 ቡድኑን እስከ ስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ ያደረሰውም እሱ ነው። ኡዌ በመጣ ጊዜ ግን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ኡዌ በተሰለፈባቸው 13 ጨዋታዎች 11ዱን አሸነፈ፤ የሚከራከር አልነበረም። ኮልዚግም በዚያው በጋ ከተማይቱን ለቆ ሄደ። ዕድሜውን የሰጠ ሰው ለአዲስ መጪ ቦታ ሲለቅ ማየት፣ ድሉ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ፣ ልብን ይነካል።

ሁለት ሩጫ በአንድ ጎዳና

የማርች ወር ገባ። ቡድኑ በመጨረሻዎቹ 12 ጨዋታዎች 11 አሸነፈ። በመካከሉ ቺካጎ ላይ 5 ለ 0 ተደቁሶ ነበር። ከዚያ በኋላ አራት ከተማ ዞሮ አራቱንም ረታ፤ ከዚያ ወደ ሰቨንዝ ስትሪት ተመለሰ። በዚያ ዘመን ቡድኑ ወደ ቀድሞው ቀይ መለያው ተመልሶ ስለነበር፣ ከሜትሮው ደረጃ የሚወጣው ሕዝብ ጎዳናውን በርበሬ የተሰጣበት አስመሰለው። መኸር ላይ ባዶ የነበረው ወንበር ሞላ። ፓርኪንጎቹ ጨዋታው ገና ሳይጀመር «ሞልቷል» የሚል ሰሌዳ ያወጡ ነበር።

በዚያው ወራት የእኛም ሰዎች የራሳቸው ሩጫ ነበራቸው። የዲሲ ታክሲ ከ1930ዎቹ ጀምሮ በዞን ይሠራ ነበር። ተሳፋሪው የሚከፍለው ባቋረጠው ዞን ብዛት እንጂ በሄደበት ርቀት አልነበረም። ከንቲባ ኤድሪያን ፌንቲ በኦክቶበር 2007 «ዞን ይቅር፣ ሜትር ይግባ» ብለው ወሰኑ። ሾፌሮች አድማ መቱ፤ ብዙዎቹም የእኛው ወገኖች ነበሩ። ሜትሩ በሜይ 1 ቀን 2008 ሥራ ጀመረ። ስለዚህ የካፒታልስ ሩጫ ያለፈበት ጸደይ የዞን ዘመን የመጨረሻው ጸደይ ነበር። በኋላ ወንበር የተቀመጠው ባለ ቀይ ሹራብ ስንት ነጥብ እንደቀረ ያሰላል፤ ከፊት ያለው ሾፌር ደግሞ ከሜይ በኋላ ገቢው በስንት እንደሚቀንስ ያሰላል። ሁለቱም ስለ ኤፕሪል ይጨነቃሉ፤ ጭንቀታቸው ግን ለየቅል ነው።

በኤፕሪል 4፣ ዓርብ ማታ፣ የምድቡ ተፎካካሪ ካሮላይና በገዛ አዳራሹ በፍሎሪዳ 4 ለ 3 ተሸንፎ በ92 ነጥብ ውድድሩን ጨረሰ። ካፒታልስም 92 ነበረው፤ አንድ ጨዋታም ቀርቶታል። ተጋጣሚው ማን ነው ቢሉ፣ ያው ካሮላይናን የጣለው ፍሎሪዳ። ባዶ እጁን ከወጣ በአሸናፊነት ብዛት የሚበልጠው ካሮላይና ምድቡን ይወስድበታል። ቅዳሜ ኤፕሪል 5፣ አዳራሹ ጢም ብሎ በ18,277 ሰው ሞልቶ፣ ካፒታልስ 3 ለ 1 አሸነፈ። በኖቬምበር 13 የነበረው ነጥብ 94 ሆነ። የመጨረሻው ወንበር ላይ የነበረው የምድቡ አንደኛ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ፊላደልፊያ ነበር። ካፒታልስ 3 ለ 1 ከተመራ በኋላ ተነሥቶ 3 ለ 3 አደረሰው። ኤፕሪል 22 በሰቨንዝ ስትሪት፣ በሰባተኛው ጨዋታ፣ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ተሸነፈ። ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በደጅ ለቆመው ወገን ግን ከሰባቱ ጨዋታዎች አራቱ እዚያው ተካሂደዋል፤ እነዚያ አራት ምሽቶች ወደ ኪሱ ገብተዋል። ቡድኑ በጁን 7 ቀን 2018 ላስ ቬጋስ ላይ ዋንጫውን ሲያነሣ ብዙ ሰው ነገሩ በዚያ ዓመት የተጀመረ መስሎት ነበር። ሥሩ የተተከለው ግን በዚያ የ2008 ጸደይ ነው። በነገራችን ላይ በሜይ 2018 አንድ ምሽት ጨዋታው ስለሚዘገይ ሜትሮው አንድ ሰዓት ጨምሮ እንዲቆይ 100 ሺህ ዶላር የከፈለው የኳታር መንግሥት ነበር። በዶሃ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ይህን ሲሰሙ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም።

ሰፈር እንዴት ይቀራል?

በዲሴምበር 2023 የቡድኑ ባለቤቶች አዳራሹን ትተው ወንዙን ተሻግረው ወደ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ሊሄዱ መሆኑን አስታወቁ። በሰቨንዝ ስትሪት የሚሠራ ሰው ሁሉ ደነገጠ፤ ከኮቪድ ወዲህ ያ መሐል ከተማ ቢሮው ተራቁቶ የሚተርፈው በጨዋታ ምሽት ነበርና። ዕቅዱ በቨርጂኒያ ምክር ቤት ተቀባይነት አጣ። በማርች 27 ቀን 2024 ከተማይቱ ለአዳራሹ እድሳት 515 ሚሊዮን ዶላር ሰጥታ ቡድኑ እንዲቀር ተስማሙ። ቡድኑም ያን ዓመት እንደገና በመጨረሻ ሰዓት ሲሮጥ ነበር። በኤፕሪል 16 ፊላደልፊያ ውስጥ ጨዋታው 1 ለ 1 ሳለ፣ ማሸነፍ ግዴታው የሆነበት ባለሜዳ በረኛውን አስወጣ፤ ቲ ጄ ኦሺ በባዶው ጎል አስገባና ካፒታልስ አለፈ። ወዲያው በኒውዮርክ ሬንጀርስ 4 ለ 0 ተጠረገ። ቢሆንም ሁለት ምሽት ተጨመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አዳራሹ ለሰፈሩ በረከት ብቻ አልነበረም። ከተከፈተ በኋላ ኪራይ ናረ፤ የቻይናታውን ቻይናውያንም አብዛኞቹ ሄዱ። ዛሬ ስማቸው በቻይንኛ የተጻፈላቸው የአሜሪካ ቡና ቤቶች አሉ፤ ፊደሉ ቀርቶ ሰዉ ጠፍቷል። በግሪን ላይን ሦስት ጣቢያ ወደ ሰሜን ብትሄዱ ዩ ስትሪት ትደርሳላችሁ። በናይንዝ ስትሪት ያሉት የእኛ ምግብ ቤቶች እዚያ ናቸው። የኪራዩ ንፋስ እነሱንም ነክቷቸዋል፤ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ የተሻገሩም አሉ። በሰው ምሽት መኖር እንጀራ ነው፤ ቤት ግን አይሆንም። ሕንጻውን የገዛ ይቀራል፤ የተከራየ ግን በፊደል ብቻ ሊቀር ይችላል። ማኅበሮቻችንና ነጋዴዎቻችን በቻይናታውን የሆነውን ቆመው ሊያዩት ይገባል።

ለማየት የምትሹ በማርች ማብቂያ ሂዱ። ነጥቡ ሲቀራረብ ጨዋታውም ደጁም ይደምቃል። ስትወጡ በፓርኪንጉ መስኮት የተቀመጠውን ሰው «ሰላም ነህ ወንድሜ» በሉት። ውጤቱን ከናንተ በፊት ያውቀዋል።

ቸር ይግጠመን።