ባንኮክን በባቡርና በጀልባ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሱቫርናብሁሚ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርድ መንገደኛ፣ ፓስፖርት ማኅተም ከሚመታበት ሰልፍ በፊት የጤና ቁጥጥር ጠረጴዛ ይጠብቀዋል። ታይላንድ የቢጫ ወባ ክትባት ከምትጠይቃቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ስለሆነች ቢጫዋን ካርድ እዚያ ማሳየት ግድ ነው። ረጅሙን ሰልፍ ጨርሰው መስኮቱ ጋ ከደረሱ በኋላ የተመለሱ ወገኖቻችንን ስላየሁ ይህን ከሁሉ አስቀድሜ ጻፍኩት። ሌላው የመግቢያ ፎርሙ ነው። ከሜይ 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢንተርኔት ሆኗል። ለመድረስ ሦስት ቀን ሲቀር ይሞላል፤ ክፍያ የለውም። ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ ዝጉትና ሌላ ፈልጉ።

አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት መርካቶ የልብስ ሱቅ ያላቸው እናት ነበሩ።

«የት ሊያርፉ አስበዋል?» አልኳቸው።

«ፕራቱናም ነዋ! ሌላ የት አለ ልጄ? ባቡሩ እዚያው ያወርደኛል፣ ዕቃዬም እዚያው ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ልነግረው የምፈልገውን ዋናውን ነገር እኚህ እናት ጨርሰውታል። ባንኮክ ውስጥ አጭር ቆይታ ያለው ሰው ሆቴል ሲመርጥ ከመዋኛ ገንዳውም ከቁርሱም በፊት ጣቢያውን ይመልከት። በዚህች ከተማ ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓቱ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ አራት ኪሎ ሜትር በታክሲ የሚሄድ ሰው አንድ ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። በዚያው ሰዓት ከራሱ በላይ የሚያልፈው ባቡር ግን አይዘገይም። ቀኑ ጥቂት የሆነ እንግዳ ያንን ሰዓት መንገድ ላይ ሊያፈስሰው አይገባም።

የአውሮፕላን ማረፊያው ባቡር ከሕንፃው ምድር ቤት ይነሣል። መጨረሻው ፋያ ታይ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ ዋጋውም ከ45 ባት አይበልጥም። ፕራቱናም የሚያርፍ ራቻፕራሮፕ ይወርዳል። ፋያ ታይ የሚደርስ ደግሞ ከመንገዱ በላይ በተዘረጋው፣ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ሥራ በጀመረው ስካይትሬን ይቀጥላል። ከመሬት በታች የሚሄደው ሌላኛው ባቡር በ2004 ተጨምሯል። ትኬታቸው ለየብቻ ነው የሚቆረጠው፤ በአንዱ ትኬት ሌላው በር አይከፈትም።

ዶላራችሁን የምትመነዝሩትም እዚያው ምድር ቤት፣ ባቡሩ ጋ ነው። ከላይ ሻንጣ መረከቢያው አጠገብ ካሉት ይልቅ እነዚህ ትናንሽ መስኮቶች የተሻለ ይሰጣሉ። የመቶ ዶላር ኖት ከአምሳና ከሃያው የበለጠ ዋጋ ያወጣል። የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ኖት ግን ይዛችሁት ልትመለሱ ትችላላችሁና ከአዲስ አበባ ስትነሡ ንጹሑን ምረጡ።

መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። መኪናው በግራ በኩል ነው የሚነዳው፤ እኛ ከልጅነታችን ወደ ግራ ማየት የለመድን ሰዎች ነን። ሞተር ብስክሌቶቹ የእግረኛ መንገድ ላይም ይወጣሉ።

የአድራሻውን ነገር አንድ ጊዜ ከተረዳችሁት ቀላል ነው። ከትልቁ መንገድ ወደ ውስጥ የሚገባው ቅያስ «ሶይ» ይባላል፤ በቁጥር ይጠራል። ጎዶሎው በአንድ ወገን፣ ሙሉው በሌላው ወገን ነው። ቁጥሮቹ ግን ፊት ለፊት አይገናኙም። ሱኩምቪት ላይ የሶይ 55 ፊት ለፊት ሶይ 38 ነው። ስለዚህ «ሶይ 55 አጠገብ» ከመባባል «ቶንግ ሎ ጣቢያ» መባባል ይሻላል። የሆቴላችሁን ስም በታይ ፊደል የተጻፈበት ካርድ ከእንግዳ መቀበያው ወስዳችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ።

አሁን ወደ ወንዙ።

ባንኮክን የወደድኩት ጫዎ ፍራያ ላይ ነው። ስካይትሬኑ ሳፋን ታክሲን ላይ ያወርዳችኋል፤ ከሥሩ የጀልባ ወደቡ አለ። የቱሪስት ጀልባ ትኬት የሚሸጡት ቀድመው ይቀበሏችኋል። ብርቱካናማ ባንዲራ የሚያውለበልበውን ጠይቁ። የአገሬው ሰው ወደ ሥራ፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድበት እሱ ነው፤ ዋጋውም ጥቂት ባት ነው። ጀልባው ወደብ ሲጠጋ ከኋላ የቆመው ረዳት በፉጨት ለነጂው ይነግረዋል፤ አንዱ ፉጨት «ቅረብ»፣ ሌላው «ቁም»፣ ሌላው «ሂድ» እንደሆነ ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል። የሚቆመው ለትንፋሽ ያህል ስለሆነ የምትወርዱበት ሲቃረብ ወደ ኋላ ሂዱ። ለመነኮሳት የተለየ ቦታ አለ፤ እዚያ አትቀመጡ። ሴቶች ደግሞ መነኩሴ እንዳይነኩ፣ ዕቃም በእጅ እንዳያቀብሉ ይጠንቀቁ።

ታ ቲየን ወደብ ወርዳችሁ በእግር ዋት ፖ ትደርሳላችሁ። እዚያ የተጋደመው የቡድሃ ሐውልት 46 ሜትር ይረዝማል። ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ታላቁ ቤተ መንግሥት በ1782 የተጀመረ ሲሆን በውስጡ አገሬው ከሁሉ የሚያከብረው «የኤመራልድ ቡድሃ» አለ፤ ቁመቱ 66 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ንጉሡ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ወቅት ሲለወጥ ልብሱን ይለውጥለታል። ሁለቱን በአንድ ጠዋት ያየ ሰው ትልቅነት እዚህ አገር በመጠን እንደማይቆጠር ያስተውላል።

ቤተ መንግሥቱ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ይከፈታል። በሩ ሳይከፈት ድረሱ፤ አራት ሰዓት ላይ ግቢው በሕዝብም በፀሐይም ይሞላል። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ነጠላ ጣል እንደምናደርገው ጣል ማድረግ እዚህ በሩን አያሳልፍም፤ እጅጌ ያለው ልብስ ያስፈልጋል። በዙሪያው ደግሞ ዘንጦ የለበሰ ትሑት ሰው ቀርቦ «ዛሬ ሥነ ሥርዓት ስላለ ተዘግቷል፣ በርካሽ ቱክቱክ ሌላ ቤተ መቅደስ ላሳይህ» ይላል። ጉዞው የሚያበቃው የከበረ ድንጋይ መሸጫ ውስጥ ነው። እኔንም አንዱ እንዲሁ አለኝ፤ አመስግኜው ወደ በሩ ሄድኩ፣ በሩም ክፍት ነበር። መዘጋቱን ከበሩ ጠባቂ በቀር ከማንም አትስሙ።

ከወንዙ ሌላ ሳን ሳብ የሚባል ቦይ ከተማዋን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሰነጥቃታል። ውኃው ይሸታል፤ ጀልባው ፈጣን ነው። ተሳፋሪው ራሱ ገመድ ስቦ የላስቲክ መጋረጃውን ወደ ላይ ያነሣል፣ ውኃ እንዳይረጨው። ትኬት የሚቆርጡት ሠራተኞች የራስ ቁር አድርገው በጀልባው ጠርዝ ላይ ይራመዳሉ። ከፕራቱናም እስከ አሮጌው ከተማ፣ ወርቃማው ተራራ ቤተ መቅደስ ሥር ድረስ፣ ላይ ያለው መንገድ ቆሞ ሳለ በደቂቃዎች ያደርሳል። አንዳንድ የጉዞ መጽሐፍ ለምን በአንድ መስመር ብቻ እንደሚያልፈው አይገባኝም።

የሄድኩት በዓቢይ ጾም ነበር፤ የጾም ነገር ብዙዎችን ያስጨንቃልና እዚህ ላይ ልቆይ። አትክልት ብቻ ብላችሁ ያዘዛችሁት ምግብ ውስጥ የዓሣ መረቅ አለ። ሰላጣውም፣ ጥብሱም፣ ሾርባውም ያለ እሱ አይሠራም። መፍትሔው «ጄ» የሚባለው ምግብ ነው። የቻይና ዝርያ ያላቸው ቡድሂስቶች የጾም ሥርዓት ሲሆን ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የለበትም፤ ነጭ ሽንኩርትም ጭምር። ምልክቱ ቢጫ መደብ ላይ በቀይ ይጻፋል፤ ፊደሉን ለማያውቅ ሰው ልክ 17 ቁጥር ይመስላል። ያንን ያያችሁበት ቤት ገብታችሁ ከትሪዎቹ ላይ በጣት ማሳየት ነው። ያዎራት በሚባለው የቻይናዎች ሰፈር በብዛት አለ። ወቅቱ የማንጎ ስለነበር በኮኮናት ወተት ከራሰ ሩዝ ጋር የሚቀርበውን ማንጎ ያለ ሐሳብ በላሁ።

ቃሪያውን አትናቁ። በርበሬ ያሳደገው ምላስ ሁሉን ይችላል ብሎ የሚያስብ አለ፤ የእነሱ ደቃቃ ቃሪያ በጥሬው ስለሚገባ ቃጠሎው ሌላ ነው። መጀመሪያ ሳያቃጥል አዝዛችሁ ጠረጴዛው ላይ ካለው ማጣፈጫ ጨምሩ።

እንጀራም አለ። ሱኩምቪት ሶይ 3 አካባቢ፣ ናና ሰፈር፣ የሐበሻ ምግብ ቤት ይገኛል። ለጥቂት ቀን የሄደ ጎብኚ ቢቀርበት ይሻላል ባይ ነኝ። ነገር ግን በአቅራቢያው ባምሩንግራድ ሆስፒታል ለሕክምና የሚመጡ ወገኖች አሉ። አስታማሚ ሆኖ ለሳምንታት በሰው አገር ለተቀመጠ ሰው ያች ሽሮ ትልቅ ነገር ናት።

ፕራቱናም ገበያ የሄድኩት እኚያን እናት ተከትዬ ነው። ከ304 ሜትሩ ባይዮክ ሕንፃ ሥር ጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ ልብስ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። ዋጋው ሁለት ነው፤ የአንድና የጅምላ። ብዙ ሱቅ ውስጥ ሦስት ፍሬ የወሰደ በጅምላ ዋጋ ይገዛል፤ ቀለሙን ማደባለቅ ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። እናታችን የሚደራደሩት በካልኩሌተር ነበር። ቁጥር ይጽፋሉ፣ ሻጯ አጥፍታ ሌላ ትጽፋለች፣ ሁለቱም ፈገግ ይላሉ። ድምፅ አልተነሣም። እዚህ አገር የጮኸ ሰው ክብሩንም ዋጋውንም ያጣል።

ጠዋት ሁለት ሰዓትና ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በጣቢያዎችና በመናፈሻዎች ብሔራዊ መዝሙር ይሰማል፤ ሁሉም ባለበት ይቆማል፣ እናንተም ቁሙ። ስለ ንጉሣዊው ቤተሰብ በቀልድም ቢሆን ክፉ አይነገርም፤ ሕጉ ብርቱ ነው። የሰው ራስ፣ የሕፃንም ቢሆን፣ አይዳሰስም። እግርን ወደ ሰው ወይም ወደ ቡድሃ ምስል ዘርግቶ መቀመጥ ነውር ነው።

ሙቀቱ በሚያዝያ ይብሳል። ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለውን ለቤት ውስጥ ነገር ተዉት፦ ለሙዚየም፣ ለገበያ አዳራሽ፣ ለእንቅልፍ። ባቡሩና አዳራሹ ደግሞ በጣም ይቀዘቅዛሉ፤ ነጠላው የሚጠቅመው እዚያ ነው።

የመመለሻው ቀን በረራችሁ ማታ ከሆነ ሻንጣችሁን ለሆቴሉ አደራ ሰጥታችሁ ጠዋቱን ወንዙ ላይ አሳልፉ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ታክሲ አትጥሩ። ከባድ ጭነት ያለው ነጋዴ ዕቃውን ቀደም ብሎ በካርጎ ይልክና እሱ በባቡሩ ይሄዳል። እኚያ እናት እንዲሁ አደረጉ። ራቻፕራሮፕ ጣቢያ ላይ አንዲት የእጅ ቦርሳ ብቻ አንጠልጥለው አገኘኋቸውና አብረን ተሳፈርን።