የኋላ ጥርስ ምርጫ፤ ስለ ኮብራ መኪናና ስለ ዳላስ ጐዳና

በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ፥ ቅዳሜ ጧት የጋራዣቸውን በር ከፍተው፥ በሣጥን ተልኮላቸው የመጣውን የመኪና አካል ሲገጣጥሙ የሚውሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱትም የኮብራን አምሳል ነው፤ ኮብራን ያስገኘው ካሮል ሼልቢ እ.ኤ.አ. በ1923 በቴክሳስ ተወልዶ፥ በዳላስ ዉድሮ ዊልሰን ትምህርት ቤት ተምሮ፥ በዶሮ እርባታ ከከሰረ በኋላ ወደ እሽቅድምድም ገብቶ፥ በ1959 የለ ማንን ውድድር ከሮይ ሳልቫዶሪ ጋራ አሸንፎ፥ በ1962 የእንግሊዙን የኤሲን ቀላል አካል ከፎርድ ቪ8 ሞተር ጋራ ያዋሐደ የዚሁ አገር ልጅ ነውና።

ከገጣጣሚዎቹ አንዱ በጋርላንድ የሚኖር የአገራችን ልጅ ነው። ለኮብራው ከአሮጌ የፎርድ ሙስታንግ የተነቀለ ባለ 8.8 ኢንች ዲፈረንሻል ገዝቶ፥ «ጋሼ፥ 4.10 ብገጥምበትስ? መኪናው ይወረወራል ይሉኛል» ብሎ ቢጠይቀኝ፥ መልሱ በቃል ብቻ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ ልጽፈው ወደድሁ።

ይህ ሬሾ የሚባለው ቍጥር በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው የትልቁ ጥርስ የኮሮናው የጥርስ ብዛት ለትንሹ ለፒኞኑ የጥርስ ብዛት ሲካፈል የሚገኝ ነው፤ ኮሮናው 41፥ ፒኞኑ 11 ጥርስ ቢኖራቸው 3.73 ይሆናል። ቍጥሩ ከፍ ባለ መጠን መኪናው ሲነሣ ጕልበት ያገኛል፤ ሞተሩ ግን በዚያው ፍጥነት አብዝቶ ይሽከረከራል። እንግዲህ ቍጥሩን ብቻውን ነጥሎ መመኘት ከንቱ ነው፤ ከካምቢዮው፥ ከጎማው ቁመትና ከመኪናው ክብደት ጋራ አብሮ መመዘን አለበት። የወዳጄ ካምቢዮ ቲ5 ሲሆን አንደኛው ማርሽ 3.35፥ አምስተኛው 0.68 ነው፤ ጎማውም 26 ኢንች ቁመት አለው። በዚህ ሒሳብ በአውራ ጐዳናው ላይ በሰዓት 70 ማይል ሲነዳ፥ ብዙዎቹ አሮጌ ሙስታንጎች ከፋብሪካ ይዘውት በወጡት በ2.73 ሞተሩ በደቂቃ 1,680 ያህል ጊዜ ይዞራል፤ በ3.55 2,185፥ በ3.73 2,295፥ በ4.10 ደግሞ 2,520 ይሆናል። ጣሪያ በሌለው መኪና፥ ማርሚታው በጎን በኩል ከነጂው ክንድ ሥር እየጮኸ፥ ከዳላስ እስከ ኦስቲን በዚህ ዙር መሄድ ለአንድ ቀን ደስታ ይሆን ይሆናል፤ ለልማድ ግን አይሆንም።

ከዚህም በላይ ኮብራው ከአንድ ሺህ ኪሎ ግራም ብዙም የማያልፍ ቀላል ነገር ስለ ሆነ፥ ሙስታንጉን ለማስነሣት የሚያስፈልገው ጕልበት ለእርሱ ትርፍ ነው። በ4.10 አንደኛው ማርሽ በ6,000 ዙር 34 ማይል ላይ ያልቃል፤ ነጂው ከመንገዱ ይልቅ በማርሽ መለወጫው ተጠምዶ ይቀራል። ስለዚህ ፍርዴ 3.55 ነው፤ 3.73 የመረጠውንም አልነቅፍም።

ጥርሱን ከመግዛት በፊት ያለውን ማወቅ ይገባል። በፎርድ ዲፈረንሻል ክዳን ቡሎን ላይ ትንሽ የቆርቆሮ ምልክት ተንጠልጥላ ትገኛለች፤ «3ኤል55» የሚል ቢነበብባት፥ ሬሾው 3.55፥ ዲፈረንሻሉም ሁለቱን ጎማዎች አብሮ የሚያስይዝ ነው ማለት ነው። ይሁን እንጂ ምልክቲቱ ሳትለወጥ ጥርሱ ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል፥ ክዳኑን ከፍቶ መቍጠር የጥርጣሬ ሁሉ ፍጻሜ ነው።

ዋናው ጥበብ ግን በመግጠሙ ላይ ነው። ኮሮናና ፒኞን አብረው ተፈጭተው የተጣመሩ ስለ ሆኑ አይለያዩም። የፒኞኑ ጥልቀት የሚወሰነው ከራሱና ከኩሽኔታው መካከል በሚገባው ስስ ቀለበት ነው፤ በኮሮናውና በፒኞኑ ጥርሶች መካከል የሚኖረው ልልታም በኢንች ሺኛ እየተለካ ከ8 እስከ 12 እንዲሆን በግራና በቀኝ በሚገቡት ቀለበቶች ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ ጥርሶቹ ቢጫ ቅባት ይቀቡና ኮሮናው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይዞራል። ድጓ የተማረ ሰው ምልክቱን አይቶ ዜማውን እንደሚያወጣ ሁሉ፥ የሠለጠነ መካኒክም በቅባቱ ላይ የቀረውን አሻራ አይቶ ፍርዱን ይሰጣል፤ አሻራው ወደ ጥርሱ ጫፍ ቢያደላ ፒኞኑ ርቋልና ቀለበቱ ይወፍራል፥ ወደ ሥሩ ቢወርድ ቀርቧልና ይሳሳል። በየለውጡ ፒኞኑን አውጥቶ ኩሽኔታውን በፕሬስ ማውለቅ ግድ ስለ ሆነ፥ ትዕግሥት የሌለው ሰው እዚህ ላይ «ይበቃል» ይላል፤ ዲፈረንሻሉም በ50 ማይል ላይ እንደ ተቈጣ ንብ ማልቀስ ይጀምራል። የፒኞኑ ዳዶ ሲጠብቅ የሚጨፈለቀው ቀለበትም ከልክ ካለፈ ወደ ኋላ አይመለስም፤ አዲስ ይገባለታል እንጂ ዳዶውን ማላላት ነውር ነው።

ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 500 ማይል በርጋታ ነድቶ ዘይቱን መለወጥ፥ የፍጥነት መለኪያውንም ከአዲሱ ሬሾ ጋራ ማስማማት አይዘነጋ።

ይህን አዲስ አበባ ላይ የሚያነብ ሰው ግን ምክሬን እንዳለ አይውሰደው። ዳላስ ከባሕር ወለል በላይ 130 ሜትር ያህል ብትሆን፥ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በቀጭኑ አየር ቱርቦ የሌለው ሞተር የኃይሉን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። በዚያ ላይ የጣርማ በር ዳገት ወይም የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ከተጨመረ፥ ለዳላሱ ወዳጄ የከለከልሁትን 4.10 ለአዲስ አበባው ሰው ራሴ እመርጥለታለሁ።